የአንበሳ ድርሻና የጅብ ዐይን

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ተረት የሕፃን ማስተኛ ነው እያሉ የሚንቁት ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን ተረትን የዲላ ቡና ነጋዴ ከረጢቱን እንደሚመለከተው አድርጌ እመለከተዋለሁ። ነጋዴው ዕቃውን ሲረከብ ከየትኛው ቀበሌ መጣ፥ በስንት እጅ አለፈ፥ በመንገድስ ምን ተቀላቀለበት ብሎ ይጠይቃል፤ ከረጢቱንም ፈትቶ በእፍኙ ዘግኖ ያያል፥ ያሸታል። ተረትም ሩቅ አገር ተሻግሮ የሚመጣ ዕቃ ስለ ሆነ፥ ሁላችንም የምናውቀውን አንድ የአራዊት ተረት ፈትቼ ልመረምር አስቤአለሁ። የምመረምረውም ለዕውቀት ጌጥ ብቻ አይደለም። ይህ ተረት ስለ ፍርድ ለልጆቻችን የሚነግራቸው ነገር ስለሚያሳስበኝ ነው። (የዘመኑ ቍጥር ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

ተረቱ ይህ ነው። አንበሳ፥ ጅብና ቀበሮ አብረው ለአደን ወጡና በሬ ጣሉ። አንበሳም ጅብን «በል አካፍል» አለው። ጅብ «ግማሹ ለጌታዬ ለአንበሳ ይሁን፤ የቀረውን ግማሽ እኔና ቀበሮ እንካፈለዋለን» አለ። አንበሳ በቍጣ በጥፊ ቢመታው የጅብ ዐይን ወጥቶ ተንጠለጠለ። ከዚህ በኋላ አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞሮ «አንተስ እንዴት ታካፍላለህ?» ቢለው፥ ቀበሮ «ጎኑ ለጌታዬ ቍርስ፥ ታፋው ለጌታዬ ምሳ፥ የቀረው ለጌታዬ እራት ይሁን» አለ። አንበሳም ደስ ብሎት «ይህን የመሰለ አከፋፈል ማን አስተማረህ?» ሲለው፥ «ያ የተንጠለጠለው የጅብ ዐይን ነው» ብሎ መለሰ።

ይህን ተረት በደጋውም በቈላውም፥ በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድም ያወሩታል። በልጅነቴ ባነበብሁት አንድ የንባብ መጽሐፍ ላይም ነበረ። ከተረቱ በታች በደማቅ ቀለም «ብልህ ሰው ከሌላው መከራ ይማራል» የሚል መስመር ተጽፎ ነበር፤ ፈተና ላይ የሚጠየቀውም ያ መስመር ብቻ ነው። መስመሩን በቃሉ ያጠና ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ጅቡ ለምን ተመታ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ግን ነጥብ አያገኝም፤ እንዲያውም ትምህርቱ አልገባውም ይባላል።

እንግዲህ ወደ መንገዱ እንሂድ። ተረቱ ኤዞፕ በሚባለው የግሪኮች የተረት ስብስብ ውስጥ ይገኛል። በዚያ ግን አካፋዩ ጅብ አይደለም፥ አህያ ነው። አህያው የታደነውን ሥጋ በሦስት እኩል መደብ ከፍሎ «ምረጡ» አለ። አንበሳ ዘሎ በላው። ቀበሮ ግን ሁሉን ለአንበሳ ከምሮ ለራሱ ጥቂት አስቀረ፤ ማን አስተማረህ ቢሉትም «የአህያው መከራ» አለ። በሮም አገር ደግሞ በ1ኛው መቶ ዓመት ፌድሩስ የሚባል ባለቅኔ የዚህን ተረት ወንድም ጽፏል። ፌድሩስ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው እንደ ነበረ ይነገራል። በእርሱ ተረት ውስጥ ቀበሮ የለችም፥ ብልህም የለም። ላም፥ ፍየልና በግ ከአንበሳ ጋር ይሻረካሉ፤ አንበሳው ራሱ ሥጋውን በአራት ይከፍልና ለያንዳንዱ መደብ ምክንያት እየፈጠረ አራቱንም ይወስዳል። ትምህርቱም ከኃይለኛ ጋር የሚደረግ ሽርክና አይታመንም የሚል ነው። ልብ በሉ፤ ባርነትን የቀመሰው ሰው ስለ ቀበሮ ብልሃት አልጻፈም፥ ስለ ሽርክናው ጻፈ።

በመካከለኛው ዘመን ተረቱ መልኩን እየለወጠ በብዙ ቋንቋ ሄደ። በ12ኛው መቶ ዓመት በፍላንደርስ አገር በላቲን የተጻፈው «ይሰንግሪሙስ» የተባለው ረጅም ግጥም አህያውን አስወጥቶ ተኩላ አገባበት፤ ተኩላው እኩል ቢያካፍል አንበሳ ቆዳውን ገፈፈው። በዚያው መቶ ዓመት ማሪ ደ ፍራንስ የምትባል ሴት የአንበሳን ድርሻ ነገር በፈረንሳይኛ ገጠመች። በምሥራቅ በኩል ደግሞ በ1273 ያረፈው የፋርሱ ባለቅኔ ጀላል አድዲን ሩሚ በ«መስነዊ» መጽሐፉ አንበሳን፥ ተኩላንና ቀበሮን አብሮ አሰማራቸው። የታደነውም የዱር በሬ፥ የዱር ፍየልና ጥንቸል ነው። ተኩላ በሬውን ለአንበሳ፥ ፍየሉን ለራሱ፥ ጥንቸሏን ለቀበሮ መደበ። አንበሳ ቀደደው። ቀበሮ ሦስቱንም ቍርስ፥ ምሳ፥ እራት ብሎ ለአንበሳ ሰጠ። እዚህ ላይ ሩሚ ማንም ያላሰበውን አደረገ፤ አንበሳው ሦስቱንም መልሶ ለቀበሮ ሰጠው። ምክንያቱም በሩሚ ዘንድ አንበሳው ንጉሥ አይደለም፥ የእግዚአብሔር ምሳሌ ነው፤ «እኔ» የሚለውን የተወ ሰው ሁሉን ያገኛል ማለቱ ነው። ስለ መንፈስ የተነገረ እንደ ሆነ ውብ ነገር ነው። ይህን ትርጓሜ አንሥቶ በምድራዊ ጌታ ላይ የሚለጥፍ ሰው ግን አደገኛ ሰው ነው፤ ምድራዊ አንበሳ ሥጋውን መልሶ ሲሰጥ አልታየምና።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የዚህ ጽሑፍ እንብርትም እርሱ ነው። አካፋዩ አውሬ በተለወጠ ቍጥር ፍርዱም ይለወጣል። አህያ የዋህ ነው፥ ሠራተኛ ነው፥ ሸክም ተሸካሚ ነው። አህያ እኩል አካፍሎ ሲበላ ሰሚው ያዝናል፤ ሐቀኛው ሞተ፥ አጎብዳጁ ዳነ ይላል። ተኩላ ሲሆን ኀዘኑ ይቀንሳል። ጅብ ሲሆን ግን ፈጽሞ ይጠፋል። ጅብ በኛ አገር ሆዳም፥ ሌሊት ሰርቆ የሚበላ፥ መቃብር የሚቆፍር ነውና ዐይኑ ሲወጣ ልጆች ይስቃሉ። ተረቱም ይህን ሳቅ ተገን አድርጎ ትልቁን ነገር ያሳልፈዋል። ቃሉን ደግማችሁ ብታነቡ ጅቡ ያደረገው በደል የለም። እንዲያውም ለጌታው ግማሹን ሰጠ፤ ከሦስት ለሚካፈል ዕቃ ይህ ከእኩልም ይበልጣል። የግሪኩ አህያ ለአንበሳው ሢሶ ብቻ ነበር የመደበለት። እንግዲህ የኛ ጅብ ከግሪኩ አህያ ይልቅ ትሑት ሆኖ ሳለ፥ በጠባዩ ስለሚጠላ ብቻ መመታቱ ተገቢ መሰለን። ሰውም እንዲህ ይደረጋል፤ አስቀድሞ ስሙ ይጠፋል፥ ከዚያ ሲመታ የሚያዝንለት አይገኝም።

ተረቱ ወደኛ በየት በኩል ገባ? የዚህ ተረት መንገድ በጽሑፍ አልተመዘገበም፤ በሲራራ ነጋዴ፥ በግመል ነጂ፥ በእናቶች አፍ የሄደ ነገር ነው። የሌሎቹ ግን ይታወቃል። መጀመሪያው የግሪክ በር ነው። በእስክንድርያ የተጻፈው ስለ አራዊት ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ በአክሱም ዘመን «ፊሳልጎስ» ተብሎ ወደ ግዕዝ ተመለሰ፤ ግዕዙንም ሆመል የተባለ ጀርመናዊ በ1877 አሳትሞታል። በፊሳልጎስ አውሬ አይናገርም። አንበሳ በጅራቱ ዱካውን ያጠፋል፤ ቀበሮ የሞተ መስሎ ተጋድሞ ወፍ ይይዛል፤ ከዚያም መጽሐፉ ይህ የጌታ ምሳሌ ነው፥ ያ የዲያብሎስ ምሳሌ ነው እያለ ይተረጕማል። መምህራን በዚህ መጽሐፍ ብዙ አስተምረዋል፤ እኔ ግን እንደ ተረት ስመዝነው ድርቅ ይልብኛል። አውሬው አፍ ስለሌለው የሚከራከርለት የለም፤ ትርጓሜው አስቀድሞ ተወስኗል። የንባብ መጽሐፌ ደማቅ መስመር የዚህ የሩቅ ዘመድ ይመስለኛል።

ሁለተኛው የዐረብ በር ነው። በዚህ በር የገባውን ማወቅ የሚወድ እጨጌ ዕንባቆምን ያስታውስ። ትውልዱ ከየመን እንደ ሆነ የሚነገርለት ይህ ሰው ክርስትናን ተቀብሎ፥ ግዕዝን ተምሮ፥ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን በቃ። በ1553 በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን «በረላምና ይዋስፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። ይዋስፍ የንጉሥ ልጅ ነው፤ አባቱ ሕመምን፥ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል፤ እርሱ ግን ያያቸውና ዓለምን ይተዋል። ይህ የሕንዱ የቡዳ ታሪክ መሆኑን ሊቃውንት ደርሰውበታል። ስሙ እንኳ የመንገዱን አቧራ ይዞ ይገኛል። የሕንዱ «ቦዲሳትቫ» በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ፤ በዐረብኛ ፊደል «በ» አንድ ነጥብ፥ «የ» ሁለት ነጥብ ስላላቸው አንድ ጸሐፊ ነጥብ ቢጨምር «ዩዳሳፍ» ሆነ፤ ግሪኮች «ኢዮአሳፍ» አሉት፥ በኛም ይዋስፍ ሆነ። በአንዲት ነጥብ ምክንያት የሕንዱ መምህር ስሙን ለውጦ በክርስቲያን ቅዱስነት ደብረ ሊባኖስ ደረሰ ማለት ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የትንሿ ወፍ ተረት አለ። ወፍ አጥማጅ ወፏን ይይዛታል። እርሷም «ሥጋዬ አያጠግብህም፤ ብትለቀኝ ሦስት ምክር እሰጥሃለሁ» ትለዋለች፤ የማይደረስበትን አትመኝ፥ ላለፈው አትጸጸት፥ የማይታመነውን አትመን። ሲለቃት ከዛፍ ላይ ሆና «አንተ ሞኝ፤ በሆዴ ውስጥ ከሰጎን ዕንቍላል የሚበልጥ ዕንቍ ነበረኝ» አለችው። ሰውየው ለቅቆኝ በሄደችው ብሎ ተጸጸተ፥ ሊይዛትም ተንጠራራ። እርሷም ሁለመናዋ የሰጎን ዕንቍላል እንደማያህል አስታወሰችው፤ ሦስቱንም ምክር በአንድ ጊዜ አፈረሰ። ይህን ተረት ከአንበሳው ተረት አስበልጬ እወድደዋለሁ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ከታች አልተለጠፈበትም፥ በሰውየው ሥራ ውስጥ ገብቶ እንደ ቅቤ ቀልጧል።

ኤዞፕ «ኢትዮጵያዊ» ነው እያሉ የሚመኩ ወዳጆች አሉኝ። ነገሩ ፕላኑዴስ የተባለ የቁስጥንጥንያ መነኵሴ በ13ኛው መቶ ዓመት ሁለቱን ስሞች በማቀራረቡ የጸና ነው። ዐረቦችም ጠቢቡን ሉቅማንን ሐበሻ ነው ይሉታል። ደስ ይላል፥ ግን የስም መመሳሰል የልደት ምስክር ወረቀት አይሆንም፤ እንለፈው።

ሦስተኛው በር የዘመናዊ ትምህርት ቤት ነው። ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባለው መጽሐፋቸው የውጭ ተረቶችን በአማርኛ ግጥም አሳምረው ስላቀረቡ አንድ ትውልድ በቃሉ ይዞ አድጓል። የአውሮፓው የተረት አባት ላ ፎንቴን ራሱ በ1678 ባሳተመው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ለሕንዱ ጠቢብ ለ«ፒልፓይ» ባለዕዳ መሆኑን ተናግሯል። ፒልፓይ የተባለው የ«ከሊላና ዲምና» መጽሐፍ ባለቤት ነው። እንግዲህ ከፈረንሳይ ተቀበልን ስንል ፈረንሳይ ከፋርስ፥ ፋርስ ከዐረብ፥ ዐረብ ከጥንቱ የፋርስ ቋንቋ ከፓህላቪ፥ ፓህላቪም ከሕንድ ተቀብሏል። ስለዚህ በመበደር የሚያፍር ሕዝብ ቢኖር የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።

የሚያሳፍረው ሳይመረምሩ መበደር ነው። ተርጓሚ ምን ያህል ሊለውጥ ይገባዋል? ሁለት ምሳሌ ላንሣ። በሕንዱ «ፓንቻታንትራ» አንድ ብራህማን ዱቄት የሞላበት ማሰሮ ሰቅሎ ከበታቹ ተኝቶ ያልማል፤ ዱቄቱን ሸጬ ፍየል፥ ፍየሉን ሸጬ ላም፥ ከዚያ ቤት፥ ሚስት፥ ልጅ እያለ ይሄድና፥ በሕልሙ ሲራገጥ ማሰሮውን ይሰብረዋል። በዐረብኛው ማሰሮው ውስጥ ያለው ቅቤና ማር ሆነ። በላ ፎንቴን ዘንድ ገበያ የምትሄድ ሴት በራሷ የተሸከመችው ወተት ሆነ። እያንዳንዱ አገር ሀብቴ የሚለውን ጨመረበት። በዲላ ቢሆንስ? ቡና ይሆናል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በዲላ ተረቱ ይገለበጣል ብዬ አስባለሁ። ገበሬው በክረምት ሲቸግረው ቡናው ገና አበባ ሳለ በርካሽ ይሸጣል፤ የሚያልመው ገበሬው አይደለም፥ አበባውን የገዛው ነው፤ ማሰሮው ሲሰበር ግን ዱቄቱ የሚፈስሰው በገበሬው ላይ ነው። ይህን ተረት ለውጦ የሚጽፍ የጌዴኦ ወጣት ቢገኝ ከሰማይ የወረደ ያህል በደስታ አነብበው ነበር። ወይንና ተኩላ ሳይለውጥ የሚገለብጥ ግን ቀለም ብቻ ይፈጃል። ወይን አይቶ የማያውቅ የቡሌ ልጅ ቀበሮዋ «ጎምዛዛ ነው» ስትል ምን እንደ ቀለደች ከየት ያውቃል?

ሁለተኛው ምሳሌ ይበልጣል። በሕንዱ መጽሐፍ ዳማናካ የተባለው ቀበሮ በአንበሳ ንጉሥና በወዳጁ በበሬው መካከል ነገር ሠርቶ በሬውን ያስገድላል፤ ከዚያም ሹመቱን ይዞ በደስታ ይቀመጣል። በ8ኛው መቶ ዓመት ወደ ዐረብኛ የመለሰው ኢብን አልሙቀፋዕ ይህን መታገሥ አልቻለም። እርሱ «ዲምና» ያለውን ቀበሮ ለፍርድ የሚያቆም አዲስ ምዕራፍ በራሱ እጅ ጨመረ፤ ምስክሮች ቀረቡ፥ ዲምና ተሟገተ፥ በመጨረሻም ተፈረደበት። በሕንዱ መጽሐፍ ይህ ምዕራፍ የለም። ኢብን አልሙቀፋዕ ራሱ በመንግሥት ሰዎች እጅ ገና በጕልማስነቱ በጭካኔ ተገድሏል፤ ያ ፍርድ ቤት በሕይወቱ አላገኘውም፥ በመጽሐፉ ውስጥ ግን ሠርቶት ሄደ። የትርጕም ሥራ ማለት እንዲህ ነው። ታዲያ ለጅቡ ማን ምዕራፍ ጨመረለት?

አሁን ወደ ጌዴኦ ልመለስ። ይህ ተረት በማንኛውም አገር ቢነገር አንድ ነገር ነው፤ በዚህ አገር ሲነገር ግን ቃሉ ሥጋ ይለብሳል። ጌዴኦ በ1890ዎቹ ወደ ምኒልክ መንግሥት ከገባ በኋላ ሕዝቡ ገባር፥ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። «እኩል አራሽ»፥ «ሢሶ አራሽ»፥ «እርቦ» የሚሉትን ቃላት የዛሬ ወጣት ከመዝገበ ቃላት ይፈልጋቸው ይሆናል፤ አያቱ ግን በጀርባው ያውቃቸው ነበር። እነዚህ ሁሉ የማካፈል ቃላት ናቸው። በ1960 የጌዴኦ ገበሬዎች ለባለመሬቶች የሚከፍሉት የቡና ድርሻ ቢከብድባቸው ተነሡ፤ በዲላ አጠገብ ሚችሌ በተባለው ስፍራ ጦር ይዘው ጠመንጃ ከያዙት ጋር ተጋጠሙ፥ ብዙዎችም ሞቱ። ድርሻው የቀረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ ነው። እንግዲህ ከሚችሌ ሟቾች የልጅ ልጅ ፊት ቆሞ «ብልህ ሰው ከሌላው መከራ ይማራል፥ ሁሉን ለጌታ ይሰጣል» ብሎ የሚያስተምር መምህር የሚናገረውን ያውቃል? ቀበሮ በዚያ ዘመን በዲላ ብዙ ነበረ፤ በኋላም አልጠፋ።

ይህን ስል ቀበሮውን ፈጽሜ መኰነኔ አይደለም። ደካማ ሰው ቀን እስኪያልፍ አንገቱን ቢደፋ አይፈረድበትም፤ ሕይወቱን ማትረፉም ትንሽ ነገር አይደለም። የምኰንነው መዳንንና ፍርድን አንድ አድርጎ የሚያስተምረውን መስመር ነው። ቀበሮው ዳነ ማለት ትክክል ነው፤ ቀበሮው ልክ አካፈለ ማለት ሐሰት ነው። ተረቱ የመጀመሪያውን ብቻ ይናገራል፥ ሁለተኛውን የጨመረው የመጽሐፍ አዘጋጁ ነው።

ይህን የተረዳሁት ከዲላ ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ በአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ሽማግሌው በጌዴኡፋ ያወራሉ፤ የልጅ ልጃቸው ወደ አማርኛ ይመልስልኛል። ተረቱ እኔ የማውቀው ነበረ። ቀበሮው «የጅብ ዐይን» ባለ ጊዜ እኔ ደብተሬን ይዤ ትምህርቱን ጠበቅሁ። «አባባ፥ ታዲያ ትምህርቱ ምንድን ነው?» አልኋቸው። እርሳቸው ወደ ልጆቹ ዞረው «እናንተ ብትሆኑ እንዴት ታካፍሉ ነበር?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ልጅ እንደ ቀበሮው አለ። አንዲት ልጅ ጅቡ ልክ ነው፥ እንዲያውም ለአንበሳው አበዛለት አለች። ሌላው ጥቂት አሰበና «በሬውን የገደለው ማነው?» አለ። ሽማግሌው ለዚህ ልጅ መልስ አልሰጡትም፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ። እኔ ወደ ቤቴ ስመለስ መጻሕፍቱን ሁሉ በዚህ ጥያቄ ፈተሽኋቸው። አብረው አደኑ ይላሉ እንጂ ማን እንዳባረረ፥ ማን እንደ ጣለ፥ ማን እንደ ቆመ ጠንቅቀው የሚናገሩት ጥቂት ናቸው። የድካሙን መጠን የማይናገር ተረት ስለ ድርሻ ሊፈርድ እንዴት ይችላል? የጌዴኦ ሽማግሎች «ሶንጎ» በሚባለው ሸንጎአቸው ተቀምጠው ነገር ሲያዩ የኖሩ ስለ ሆኑ፥ ልጆቻቸው ተረትን እንደ ክርክር እንጂ እንደ ማዘዣ አለመስማታቸው አያስደንቀኝም።

ከዚሁ ከከሊላ መጽሐፍ የርግቦቹን ተረት ከአንበሳው ተረት ጎን አስቀምጣችሁ እንድታነቡ እለምናለሁ። ርግቦች በወጥመድ መረብ ይያዛሉ፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ ስትፈራገጥ መሪያቸው «በአንድነት እንብረር» ትላቸዋለች፤ መረቡን ይዘው ይበርራሉ፥ ወዳጇ አይጥም ገመዱን ይቈርጥላቸዋል። መሪዋም አይጧን «ከእኔ በፊት የጓደኞቼን ፍታ» አለችው። በኛም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አንበሳና ድር በአንድ ምሳሌ መገናኘታቸው ያስደስተኛል፤ ይህን ምሳሌ ከአንበሳው ድርሻ በታች በደማቅ ቀለም የጻፈ መጽሐፍ ግን እስካሁን አላየሁም።

የጌዴኦ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። የቱቱ ፈላና የጨልባ ቱቱቲ ትክል ድንጋዮች፥ ከዛፍ ጥላ ሥር ያለው የእንሰትና የቡና እርሻ በዓለም ታወቁ፤ ይገባቸዋልም። ድንጋዩን ዝናም ይመታዋል እንጂ አይሞትም። ተረት ተራኪ ግን ይሞታል። ኤልዛቤት ሌርድ የተባለች ብሪታንያዊት ደራሲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን ዞራ ከየክፍለ ሀገሩ ተረት ሰብስባለች፤ ከእርሷም ቀደም ብሎ ሊትማን የተባለ ጀርመናዊ ከ1905 ጉዞው በኋላ የትግሬን ተረት አሳትሞ ነበር። ሁለቱንም አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን የጎረቤቱን ሽማግሌ ለመጠየቅ የባሕር ማዶ ሰው የሚጠብቅ ወጣት ያሳዝነኛል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ጌዴኡፋ በላቲን ፊደል እየተጻፈ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል። ስለዚህ የዲላ፥ የወናጎ፥ የይርጋ ጨፌና የቡሌ ተማሪ ሰበብ የለውም። ደብተር ይዛችሁ ስትሄዱ ተረቱን አስቀድማችሁ በተነገረበት ቋንቋ ጻፉት፤ ጉጂም፥ ሲዳማም፥ ጉራጌም፥ አማራም በገበያው ስላለ ከማን አፍ እንደ ሰማችሁት መዝግቡ። በማሰሮው ውስጥ ምን እንደ ነበረ፥ አካፋዩ የትኛው አውሬ እንደ ሆነ፥ ሰሚዎቹ የት ላይ እንደ ሳቁና የት ላይ ዝም እንዳሉ ጻፉ። ወደ አማርኛ መመለሱ ከዚያ በኋላ ይሁን። ከተረቱ በታች ያለውን ባዶ መስመር ባዶውን ተዉት፤ ልጆቹ የሚሉትን ስትሰሙ ደግሞ ስማቸውን ሳትጽፉ ቃላቸውን ከጎኑ አስፍሩ።